በሙዳዩ ውስጥ የተገኘው ስንዴ

ከዚህ በፊት ጽሑፍ የሚባል ነገር ጽፌ አላውቅም። በሕይወቴ የጻፍኩት ረጅሙ ነገር የገበያ ዝርዝር ነው፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ምስር፣ ዘይት። እሱንም ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት ስናገር ደግሞ ድምፄ ይጠፋል። እንዲህ ሆኜ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ነገር ነው። የሰዎችን ገጠመኝ ሳነብ ሁሉም የተበደሉ ናቸው። አንዱ ተክዶ፣ አንዷ ተሰርቃ፣ ሌላዋ ተታላ። የበደሉት ሰዎች የት ሄዱ እል ነበር። እነሆ አንዷ መጣሁ።

ስሜ ስንዱ ነው። የተወለድኩት ወሎ፣ ከደሴ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። ካምፓላ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያመጡኝ የእናቴ ታናሽ እህት እትዬ ጽጌ ናቸው፤ ካባላጋላ በሚባል ሰፈር ስምንት ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት አላቸው። እኔ የምውለው ጓዳ ነው። የምንኖረው እዚያው አጠገብ ኪሱጉ ሰፈር ሲሆን፣ ከልጃቸው ከማህሌት ጋር አንድ ክፍል እንጋራ ነበር።

በማህሌት እቀና ነበር። ቅናት ስላችሁ አልፎ አልፎ የሚመጣ ነገር አይምሰላችሁ። ጠዋት ከእኔ ጋር ይነሳል፣ ማታ ከእኔ ጋር ይተኛል። እሷ ያደገችው እዚህ ነው። ኮሌጅ ጨርሳለች። በአማርኛ ጀምራ፣ በእንግሊዝኛ ቀጥላ፣ በአገሬው ቋንቋ በሉጋንዳ ስትጨርስ ሰው ሁሉ ይስቃል። የቦዳ፣ ማለት የታክሲ ሞተር፣ ነጂዎች ከሩቅ አይተዋት በስሟ ይጠሯታል። እኔ አንድ ጊዜ ቦዳው ቤቴን አሳልፎኝ ሲሄድ «ቁም» ማለት አፍሬ ናሙዎንጎ የሚባል ሌላ ሰፈር ድረስ ሄጄ በእግሬ ተመልሻለሁ። ይህን ለማህሌት ነገርኳት። እሷም እስኪያስለቅሳት ሳቀች፤ በማግስቱ ለደንበኞች አወራችው። በክፋት አልነበረም። ግን እኔ ጓዳ ሆኜ ሳቁን ሰማሁት።

ከዚያ ሥራ አገኘች። ኮረብታ ላይ ያለ አንድ አነስተኛ ሙዚየም ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠራት። ሙዚየሙ የአካባቢውን ታሪክ፣ የሰዓሊዎቹን ሥራ፣ የምድሩን ወፍና ቢራቢሮ ሰብስቦ የያዘ ቤት ነው። አንገቷ ላይ ፎቶዋ ያለበት ካርድ አንጠልጥላ መጣች። እትዬ ጽጌ ካርዱን ለደንበኛ ሁሉ አሳዩ። ለሥጋ አቅራቢው ሳይቀር አሳዩት። እኔም «እንኳን ደስ አለሽ» ብዬ አቀፍኳት። እጄ ያቅፋታል፣ ሆዴ ይቃጠላል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ስልኳን ይዛ ጓዳ ገባች።

«ስንድዬ፣ እስቲ ይቺን እያት።»

ፎቶ ነበር። ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ፤ ቀይ ቀለሟ የደበዘዘ፣ የክዳኗን ጠርዝ አይጥ አራት ጣት ያህል የበላው።

«ከየት መጣች?»

«ከዕቃ ክፍላችን። አንድ ሣጥን ውስጥ ወረቀት ሳይኖራት ተገኘች። ማን እንዳመጣት፣ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም። እኔ ነኝ የእኛ ናት ያልኳቸው። ልክ ነኝ አይደል?»

«የእኛ ናት» አልኩ። አሰፋፏን ሳይ የእኛ አገር ሴት እጅ እንደሆነ ገባኝ። ወገቧ ላይ ያለውን ጥልፍልፍ እናቴም ትሰፋዋለች።

«መጠገን ትችያለሽ?»

የስፌት ሣሬ፣ ስንደዶና አክርማዬ፣ አልጋዬ ሥር ነበር። ከአገሬ ስመጣ እትዬ «ሣር ይዘሽ አገር ታቋርጫለሽ?» ብለው የሳቁብኝ ነው።

«እችላለሁ።»

«በቃ! አንቺ ትጠግኛለሽ፣ እኔ ስለ እሷ እጽፋለሁ» አለችና ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

የሙዚየሙ ዕቃ ከግቢ አይወጣም ነበር። ማህሌት ግን አለቃዋን ማዳም ናካቶን ለምና፣ በፊርማዋ ወስዳ ለሦስት ቀን አመጣችልኝ። አክርማውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ቀዩን ከአሮጌው ቀለም ጋር እንዲመሳሰል ሁለት ጊዜ አጥቤ አደበዘዝኩት። በወስፌ አንድ በአንድ ገባሁበት። እንደነዚያ ሦስት ቀናት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያቺን ሙዳይ የሰፋችው ሴት አጠገቤ የተቀመጠች ያህል ነበር። የት እንደጠበቀባት፣ የት እንደደከማት በጣቴ አውቀው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማህሌት ከሙዳዩ ጎን የሚቀመጠውን ጽሑፍ አትማ አመጣች። ለእትዬ በእንግሊዝኛ አነበበችላቸው፤ እሳቸውም አጨበጨቡ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትታ ልትታጠብ ስትሄድ አነሳሁት። እንግሊዝኛ ብዙ አላነብም፤ ስሜን መለየት ግን አያቅተኝም። ከላይ እስከ ታች በጣቴ ሄድኩ። ደግሜ ሄድኩ። የእኔ ስም የለም። ከታች በኩል ጽሑፉን ያዘጋጀችው ማህሌት መሆኗ ተጽፏል፤ ሙሉ ስሟ፣ ከነአባቷ።

ወረቀቱን እንደነበረ መለስኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሙዳዩን ሳስረክብ ያደረግኩትን እንዳለ ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት ሰፌድ ቢያውሳችሁ ጥቂት እህል ጣል አድርጋችሁበት ነው የምትመልሱት። ስለዚህ ለቆሎ ከምንቆላው ጆንያ አንድ እፍኝ ጥሬ ስንዴ ዘግኜ ሙዳዩ ውስጥ ጨመርኩ። ክዳኑን ገጥሜ በነጠላ ቁራጭ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ለማህሌት አልነገርኳትም። ክፋት አስቤ አልነበረም። ግን ወግ ብቻም አልነበረም። ማዳም ናካቶ ከፍተው ሲያዩ «ይህን ማን አደረገ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ያኔ የእኔ ስም ይነሳል ብዬ ነበር።

አንድም ሰው አልከፈተውም። ማህሌት እንደታሰረ ወስዳ የዕቃ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ፣ እኔና እትዬ ምስር እየለቀምን ሳለ ማህሌት እያለቀሰች ገባች። ካርዷን ከአንገቷ አውልቃ በእጇ ጨብጣዋለች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ እትዬ።

«ሊያባርሩኝ ነው ማሚ።»

ነገሩን በልቅሶ መሃል አወጣችው። የሙዚየም ዕቃ ክፍል ውስጥ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው። ብስኩት እንኳ አይገባም። ምክንያቱም ነፍሳት ይመጣሉ፤ ነፍሳት ከመጡ የተሰበሰበውን ሁሉ፣ ላባውንም ቆዳውንም ጨርቁንም ይፈጁታል። የዚያን ቀን ጠዋት መደርደሪያው ላይ ነቀዝ ሲሄድ ታየ። ተከታትለው ሄደው ሙዳዩን ፈቱት። ውስጡ ስንዴ ነበር፤ ነቀዙ ከፍሬው ውስጥ እየወጣ ጥቂቱን ዱቄት አድርጎታል። ክፍሉን ዘጉት። የመደርደሪያውን ዕቃ በሙሉ በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ ነቀዙ በብርድ እንዲሞት ትልቅ ፍሪዘር ውስጥ ከተቱት።

«በአንቺ ፊርማ ወጣ፣ በአንቺ እጅ ገባ፤ ስንዴውን ማን ጨመረው? አሉኝ። አላውቅም ስላቸው ውሸታም መሰልኳቸው። ነገ ጠዋት ሊወስኑ ነው።»

እትዬ ጽጌ መልቀማቸውን አቆሙ።

«ምን ያህል ስንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ እፍኝ ቢሆን ነው።»

«እፍኝ» አሉ እትዬ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ማህሌት ካምፓላ ያደገች ናት፤ ወጉን አታውቀውም። እሳቸው ግን ያውቁታል። በዚያ ቤት የሰው ዕቃ ላይ እህል የምትጨምር ሴት ከሁለታችን አንዳችን ናት፤ እሳቸው ደግሞ አልጨመሩም።

ማህሌት ወደ እኔ ዞረች። «ስንድዬ፣ አንቺ ምንም አልጨመርሽበትም አይደል?»

እዚህ ላይ ነው በደሌ። እንባዋን አየሁት። ካርዱ በእጇ ላይ ተጣጥፏል። አንባቢዎቼ፣ የማላፍርበት ነገር ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ደስታ ነበር። ነገ እሷም እዚህ ጓዳ፣ እዚህ ምስር ላይ ትቀመጣለች ብዬ አሰብኩ።

«እኔ ምን አገባኝ» አልኩ። «አልጨመርኩም።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አሉ እትዬ፣ ምስሩን እያዩ።

«አሁን የተረት ሰዓት ነው ማሚ?» ብላ ጮኸችባቸው። ከዚያ ድንገት እጄን ያዘች። «ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ስትሰጪኝ ባዶ እንደነበረ ለማዳም ናካቶ ትነግሪያቸዋለሽ። አንቺን ያየ ሰው ትዋሻለች አይልም።»

«እሺ» አልኩ።

ጠዋት ማህሌት ስትለብስ እትዬ ውሃ እንዳቀብላቸው አስመስለው ጓዳ ጠሩኝ።

«ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንዳችሁን በአንዳችሁ ላይ አልመሰክርም። አፍ አለሽ።»

ከዚያ ውሃውን ሳይጠጡ ወጡ።

በሁለት ቦዳ ሄድን፤ እሷ ፊት ፊት፣ እኔ ኋላ ኋላ። ሙዚየሙን ያየሁት ያን ቀን ገና መጀመሪያዬ ነው። ማዳም ናካቶ ስብሰባ ላይ ነበሩና ጠብቁ ተባልን። ማህሌት መቆም አልቻለችም፤ እያለቃቀሰች በየክፍሉ ይዛኝ ዞረች። ልትሰናበታቸው መሰለኝ።

«ይሄ ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ የሚሠራ ጨርቅ ነው። ነገሥታት ይለብሱታል፣ ሙታን ይገነዙበታል» አለችኝ። የሐይቁን ጀልባ አሳየችኝ፤ ሳንቃዎቹ በገመድ የተሰፉ ናቸው። ከበሮዎች፣ የንብ ቀፎ፣ ካምፓላን ገና ዛፍ ብቻ ሳለች የሚያሳይ ሥዕል። በመርፌ የተሰኩ ቢራቢሮዎች። አንዱን መሳቢያ ሳበችው፤ ትንንሽ ወፎች በጀርባቸው ተኝተዋል፣ እግራቸው ላይ ወረቀት ታስሯል።

«ከነቀዝ የባሰ ላባ የሚበላ ተባይ ቢገባባቸው ኖሮ» አለች፣ «እነዚህ በአንድ ወር አጥንት ብቻ ይሆኑ ነበር። ማዳም ናካቶ ሃያ ዓመት ጠብቀዋቸዋል። ቢቆጡ አልፈርድባቸውም።»

ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ታውቃለች። በሁለት ወር ይህን ሁሉ አጥንታለች። እኔ ማታ ማታ ስልኳ ላይ የምታፈጥ ሲመስለኝ ይህንን ስታነብ ኖሯል። ይህም አስቀናኝ። ልቤ ራራ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ያን ሰዓት እንኳ እየቀናሁ ነበር።

«ይቺ ላይ ምን ይላል?» አልኳት አንድ የተሰፋ ቅርጫት አጠገብ ያለውን ጽሑፍ እያሳየሁ።

«ሠሪው ያልታወቀ።»

«ያኛውስ?»

«እሱም ሠሪው ያልታወቀ። ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው።» ቆም አለች። «ምነው?»

«ምንም» አልኩ።

ተጠራን። ማዳም ናካቶ አጭር፣ መነጽር ያደረጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ በፕላስቲክ የታሸገ ስንዴ አለ። ስንዴዬን አወቅሁት። አጠገቡ በትንሽ ጠርሙስ የሞቱ ነቀዞች።

«እህትሽ ናት?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቋት።

«እህቴ ናት» አለች ማህሌት። የአክስቴ ልጅ አላለችም።

ማዳም ናካቶ እኔን እያዩ አንድ ነገር ተናገሩ። ማህሌት ተረጎመችልኝ፦ «ሙዳዩን ስትሰጫት ባዶ ነበር ወይ? እያሉሽ ነው። በይ ንገሪያቸው።»

«ባዶ ነበር» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። ያንን ብዬ ብወጣ ማንም አያውቅብኝም። እትዬም አይመሰክሩም። የታሸገውን ስንዴ አየሁ።

«ባዶ አልነበረም» አልኩ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ የጨመርኩት። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብዬ።»

ማህሌት ወደ እኔ ዞረች። «ትናንት ጠየቅኩሽ እኮ!»

«ዋሸሁሽ።»

«ለምን?»

«እንድትባረሪ።»

ፊቷ ላይ ያየሁትን መጻፍ አልችልም። ማዳም ናካቶ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ። ደግመው ጠየቁ። ያኔ ማህሌት እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ መናገር ጀመረች። እንግሊዝኛ ባልናገር መስማቱን እሰማለሁ። በአገራችን ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ነገረቻቸው። እህቴ ለክብር ብላ ነው፣ ልትነግረኝ ረስታ ነው አለች። ውሸቴን አልተረጎመችውም። «እንድትባረሪ» ያልኩትን ዋጠችው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በዚህም በለጠችኝ ብዬ ቀናሁ። በትምህርት፣ በምላስ፣ በመልክ በልጣኝ ሳለ አሁን ደግሞ በደግነት! ይህን እንኳ አልተውላትም ብዬ ነው አፌን የከፈትኩት። በሰው ፊት በእንግሊዝኛ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንደወጣልኝ ተናገርኩ።

«ኖ ማዳም። ሺ አስክ ሚ። አይ ላይ። አይ ጄለስ።»

ጠይቃኝ ነበር፣ ዋሽቻት ነው፣ ቀንቼ ነው ማለቴ ነው። ማዳም ናካቶ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እናቴም ባዶ ቅርጫት አትመልስም ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ በዝግታ፣ እኔም እንዲገባኝ። «ነገር ግን ይህ ቤት የእናቴ ጓዳ አይደለም።»

ከዚያ ወደ ማህሌት ዞሩ። ስንዴውን ባትጨምሪም የፈረምሽው አንቺ ነሽ፣ ወደ መደርደሪያ ከመግባቱ በፊት ፈትተሽ ማየት ነበረብሽ አሏት። አላባረሯትም። ነገር ግን የቀረውን የሙከራ ጊዜ ዕቃ ክፍል እንዳትገባ፣ በር ላይ ትኬት እንድትቆርጥ ወሰኑ። ማህሌት ራሷን ነቀነቀች።

ልንወጣ ስንል ማዳም ናካቶ ሙዳዩ ገና ፍሪዘር ውስጥ ስለነበረ ከጥገናው በኋላ የተነሳውን ፎቶ አውጥተው ፊቴ አደረጉት። «የጠገንሽው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩ፣ ጥፍራቸውን በላዩ አስኬዱ፣ አሁንም አልለዩትም። ከዚያ ለማህሌት አንድ ነገር ነገሯት። እሷ ወዲያው አልተረጎመችም። ስትተረጉም ድምፅዋ እንጨት ነበር፦

«አይጥ የበላቸው ስድስት ቅርጫቶች አሉን። የራሳችሁ አገር ሥራ ባይሆኑም እጅሽ ያውቅባቸዋል። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣሽ፣ እዚሁ ሆነሽ፣ ብትጠግኚልን እንከፍልሻለን። ከጎኑም ስምሽ ይጻፋል።» ቃል አልጨመረችም፣ ቃል አልቀነሰችም። «ምን ልበላቸው?»

«እትዬን ልጠይቅ» አልኩ።

ስንመለስ ማህሌት አንድም ቃል አላናገረችኝም። የዚያኑ ቀን ፍራሿን ወደ እናቷ ክፍል ወሰደች። ለእትዬ ሁሉን ነገርኳቸው። ጮኹብኝ፤ ለእናቴ ደውለው ጮኹባት። ሲደክማቸው «ሂጂ ሥሪ» አሉኝ። «ልጄን ያስወጣሽበትን የዕቃ ክፍል ደግሞ እምቢ ብለሽ ባዶ ታስቀሪዋለሽ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ምን ተለወጠ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ቅናት ለቀቀኝ አልላችሁም። አሁንም አለ። ግን ድሮ ዝምታዬን ጨዋነት ይመስለኝ ነበር፤ ሰውም እንደዚያ ይለኝ ነበር። ለካ ዝም ብዬ እቆጥር ኖሯል፤ እሷ ያገኘችውን፣ እኔ ያጣሁትን። ስሜ ወረቀቱ ላይ እንደሌለ ባየሁ ጊዜ «ማህሌት፣ የእኔስ ስም?» ብላት ኖሮ ምናልባት ትጽፈው ነበር፣ ምናልባትም አትጽፈው ነበር። አላውቅም። አንድ ቀን ጠይቄያት «አላሰብኩትም ነበር» እንድትለኝ እፈልጋለሁ፤ እውነቱ እሱ ይመስለኛል። እናንተ እንደ እኔ ድምፅ የሌላችሁ፣ ቅናታችሁን ዋጥነው ስትሉ የት እንደምታስቀምጡት እዩ። የእኔ አንድ እፍኝ ስንዴ ውስጥ ነቀዝ ሆኖ ነው የተገኘው።

ሥራ የጀመርኩት በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ነው። ወስፌዬንና አክርማዬን በፌስታል ይዤ የሙዚየሙ በር ስደርስ ማህሌት መስኮቱ ውስጥ ተቀምጣለች። ካርዷ አንገቷ ላይ ነው። ከእኔ ፊት የነበሩትን ተማሪዎች በሉጋንዳ እያሳቀች አስገባቻቸው። ተራዬ ደረሰ። ካኮረፈች ጀምሮ ቤት ውስጥ ፊቷን እያዞረች ታልፈኝ ስለነበር፣ ፊት ለፊት ስንተያይ የዚያን ቀን የመጀመሪያችን ነው። ምን እንደምላት ስለጠፋኝ አቀርቅሬ የትኬቱን ገንዘብ በመስኮቱ ዘረጋሁላት። እጄ ላይ ያለውን አየችው። እኔን አየችኝ። ገንዘቡን በጣቷ መልሳ ገፋችው።

«ግቢ» አለችኝ። «ሠራተኛ አይከፍልም።»